መስመር ያላወጣው ወባ

መነሻ

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. አንድ የ22 ዓመት ወጣት ፒያሳ ወደነበረው የምሠራበት ክሊኒክ መጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ የወባ ምርመራ ተደረገለት። ለሦስተኛ ጊዜም "ወባ የለም" ተባለ። ሦስተኛውን ውጤት ጽፌ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ልጁ ግን ወባ ነበረው። ያውም ሊገድለው የደረሰ።

መመርመሪያው አልተበላሸም። ቀኑም አላለፈበትም። አሠራሬንም ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ፤ መመሪያው እንደሚለው ነው የሠራሁት። የተለወጠው ወባው ራሱ ነው።

ጥገኛ ተሕዋሲያንና የሚኖሩበት አካል አንዱ ለሌላው ምላሽ እየሰጠ ይለዋወጣሉ ሲባል ለብዙ ሰው የድሮ ዘመን ወሬ ይመስላል። ለእኔም ኮሌጅ እያለሁ ለፈተና የሚሸመደድ ነገር ነበር። ይህ ጉዳይ ግን እዚሁ መሀል አዲስ አበባ፣ እጄ ላይ ነው የሆነው። ለዚህ ነው የምጽፈው። ልጁና እናቱ ፈቅደውልኛል። የሰዎቹንም የክሊኒኮቹንም ስም ትቻለሁ።

ልጁና የመጣበት መንገድ

ልጁ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ፒያሳ ነው። ሥራ ፈልጎ ሲያጣ አጎቱ መተማ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ አስቀጠረው። ሥራው የቀን ሠራተኞችን ስም መያዝና ሰዓት መቆጣጠር ነበር። ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ እዚያ ቆየ። ማታ ከሠራተኞቹ ጋር ዳስ ውስጥ ያድራል። አጎበር ነበረው፤ ሙቀቱ አላስተኛ እያለው ብዙ ሌሊት ሳይዘረጋው እንዳደረ ነግሮኛል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አገራችን ውስጥ ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ቆላ ተወልዶ ያደገ፣ ወባ ደጋግሞ የያዘው ሰው ከጊዜ በኋላ በከፊል ይለምደዋል። ተሕዋሲው ደሙ ውስጥ ኖሮም ብዙ ላይታመም ይችላል። ይህ ልጅ ግን ሰውነቱ ወባን አይቶት አያውቅም።

እዚያው መተማ እያለ አተኮሰው። ጤና ኬላ ሄደ። ጣቱን ተወግቶ በፈጣን መመርመሪያ ታየ፤ አር ዲ ቲ የምንለው ማለት ነው። "የለም" ተባለ። ፓራሲታሞል ተሰጠው። ትንሽ ሲሻለው በጎንደር አድርጎ፣ አውቶቡስ ላይ ሁለት ቀን ተጉዞ እናቱ ቤት ገባ።

እናትየው መጀመሪያ ምች ነው ያሉት። ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡት፤ በቅጠሉም አሹት። ላብ በላብ ሆነና ለቀቀው። በማግስቱ ደህና ዋለ። በሦስተኛው ቀን ያ ብርድ ተመልሶ መጣ።

ቀጥሎ የሄዱት ሰፈራቸው አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ነው። እዚያም አር ዲ ቲ ተሠራ፤ ወባ የለም። የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ግን ሁለቱም "አለ" አሉ። ይህን ጥንድ ውጤት የማያውቅ የከተማችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ችግሩ፣ እነዚህ ምርመራዎች የሚያዩት ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከዓመታት በፊት የያዘን በሽታ አሻራው ይቀራል። ወባ ራሱ ውጤቱን "አለ" ሊያሰኘው ይችላል። ልጁ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ታዘዘለት።

ዶክሲሳይክሊን ወባ ላይም አዝጋሚ ጉልበት አለው። ሁለት ሦስት ቀን ቀለል ያለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ይህ መሻል ግን ሁሉንም አዘናጋ። እናትየውም መድኃኒቱ ያዘለት ብለው ተስፋ አደረጉ።

የመጀመሪያው ምሽት

እኛ ጋ የደረሱት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ልጁ ጋቢ ተከናንቦ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ትኩሳቱ 39.6 ነበር። ዓይኑ ቢጫ መምታት ጀምሯል። ሽንቱ ጠቁሮ እንደነበር ግን ማንም አልጠየቀውም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

መብራት ሄዷል። ጄኔሬተሩ የሚሸከመው ፍሪጁንና ጥቂት አምፖሎችን ብቻ ነው። ማይክሮስኮፕ ያለ መብራት አይሠራም። ስለዚህ ሐኪሙ የወባ ምርመራ ሲያዝ አር ዲ ቲ አወጣሁ። ጣቱን ወጋሁ፤ ደሙን ጠብ አደረግኩ፤ ፈሳሹን ጨመርኩ፤ ሰዓት ያዝኩ። ከ15 ደቂቃ በኋላ በስልኬ መብራት አየሁት። የመቆጣጠሪያው መስመር ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ሌሎቹ ሁለት ቦታዎች ነጭ ናቸው። የደበዘዘ እንኳን የለም። አምስት ደቂቃ ጨምሬ ጠበቅኩ። ያው ነጭ ነው። "የለም" ብዬ ጻፍኩ።

ሐኪሙም ሦስት ውጤት አንድ ዓይነት ሲሆንበት የታይፎይዱን መድኃኒት በመርፌ ሊቀይርለት ነበር።

ልጁን ያተረፉት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ የሌሊት ተረኛዋ ሲስተር ነች። ጋምቤላ ለብዙ ዓመት ሠርታለች። ግሉኮስ ልትሰካለት ስትሄድ "የት ነበርክ?" አለችው። "መተማ" አላት። በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። "ሰውየው ከመተማ ነው የመጣው። ስላይድ ሳታዪ እንዳትለቂው" አለችኝ። ልጁ በሦስት ጤና ተቋም አልፎ "የት ነበርክ?" የተባለው በዚህ ሰዓት ነው።

ሁለተኛዋ እናቱ ናቸው። ደም ልወስድ ስጎነበስ እጄን ያዙኝና "የኔ ልጅ፣ ይሄ ብርድ እኮ አንድ ቀን ዘሎ ነው የሚመጣበት። ዛሬ ከያዘው ነገ ደህና ይውላል። እዪልኝ እስቲ" አሉኝ። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ሁልጊዜ እንዲህ ሰዓት አይጠብቅም። ሲጠብቅ ግን ምክንያት አለው። ተሕዋሲው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ፣ አድጎ፣ ተባዝቶ ሴሉን አፈንድቶ እስኪወጣ 48 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ብርዱና ትኩሳቱ የሚመጣው ሴሎቹ አንድ ላይ ሲፈነዱ ነው። እናትየው ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው የተሕዋሲውን ሰዓት ቆጥረውታል።

ማይክሮስኮፑ ሥር

ደሙን በሁለት ዓይነት መንገድ ስላይድ ላይ አደረግኩት። አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን። ወፍራሙ ብዙ ደም ስለሚይዝ ጥቂት ተሕዋሲ ቢኖርም ለማግኘት ይረዳል። ቀጭኑ ደግሞ ዓይነቱን ለመለየት ነው። እስኪደርቁ ጠበቅኩ። ጊምዛ ቀለም በጥብጬ አሥር ደቂቃ አቆየሁባቸው፤ አጠብኩ፤ ግድግዳ ላይ አስደግፌ አደረቅኩ። መብራት የመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነው።

ዘይት ጠብ አድርጌ ትልቁን ሌንስ አወረድኩ። ምርመራው "የለም" ለመባል ቢያንስ መቶ እይታ መታየት አለበት። እኔ አንድም ሙሉ እይታ አልጨረስኩም። የመጀመሪያው ላይ ሞልቶ ነበር።

ሰማያዊ ቀለበት፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ነጥብ። ፈርጥ ያለው የጣት ቀለበት ይመስላል። ቀጭኑ ላይ ስሄድ አንድ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሁለት ቀለበት አየሁ። ሁለት ነጥብ ያለውም አለ። የሴሉ ጠርዝ ላይ ልጥፍ ያለም አለ። ይህ የፋልሲፓረም መልክ ነው። ቆጠርኩ። በ200 ነጭ የደም ሴል ውስጥ 1,236 ተሕዋሲ። በተለመደው ስሌት በ40 ሲባዛ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 49,440 ይሆናል። ከቀይ የደም ሴሎቹ ከመቶ አንዱ ገደማ ተይዟል ማለት ነው።

እጄ ተንቀጠቀጠ። አር ዲ ቲው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። አንዴ ስላይዱን፣ አንዴ እሱን አያለሁ። በዚህ ሁሉ ተሕዋሲ መስመሩ ደማቅ ሆኖ መውጣት ነበረበት።

አንድ ሌላ ነገርም ታየኝ። ያየኋቸው ሁሉ ለጋ ቀለበቶች ናቸው። ያደጉት የሉም። የሉም ማለት ግን ሰውነቱ ውስጥ የሉም ማለት አይደለም። ጣፊያችን የደም ማጣሪያ ነው፤ የደነደነ፣ የታመመ ሴል ሲያልፍ ይይዘዋል። ፋልሲፓረም ደግሞ ሲያድግ የያዘውን ሴል ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ ጣፊያ ጋ እንዳይደርስ። የሚያጣብቅበትን ፕሮቲን ሰውነታችን ለይቶ ፀረ እንግዳ አካል ሲሠራበት ሌላ ያወጣል። ለዚህ የሚሆኑ 60 ገደማ ጂኖች አሉት፤ አንዱን ሲያጠፋ ሌላውን ያበራል። በአንድ ታማሚ ደም ውስጥ ይህ ሁሉ ይካሄዳል። የተጣበቁት አንጎል ውስጥ ሲበዙ ነው ሰው ራሱን የሚስተው።

ሊነጋጋ ሲል ልጁ መዘባረቅ ጀመረ። እናቱን በእህቱ ስም ጠራቸው። ሐኪሙ ወዲያው አምቡላንስ ጠርቶ ወደ ሆስፒታል ላከው። ከመሄዱ በፊት ሁለት ጠብታ ደም ማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርጌ አደረቅኩ። ለምን እንዳደረግኩት ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

ለምን መስመር አላወጣም?

አር ዲ ቲ ወባውን አያይም። ወባው ደም ውስጥ የሚለቀውን ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። እኛ ጋ የነበረው ዓይነት ለፋልሲፓረም የሚፈልገው ኤች አር ፒ 2 የሚባለውን ነው። ሁለተኛው መስመር ቫይቫክስ ለሚባለው ለሌላው የወባ ዓይነት ብቻ ነው። ኤች አር ፒ 2 በብዛት ስለሚመረትና ሙቀት ስለሚችል ለመመርመሪያ በጣም ተመራጭ ነበር። ጤና ኬላ ላይ ያለች ባለሙያ ያለ ማይክሮስኮፕ፣ ያለ መብራት ወባን እንድትለይ አድርጓታል። ስንት ሰው እንዳተረፈ መናገር ያስቸግራል። ይህን ሳልል ባልፍ ግፍ ነው።

ነገር ግን ተሕዋሲው ያለዚህ ፕሮቲንም መኖር ይችላል። ላብራቶሪ ውስጥ ለምርምር ከሚራቡት መካከል ጂኑ ጨርሶ የሌላቸው አሉ። እንዲህ ያሉት በተፈጥሮም ሊገኙ እንደሚችሉ በ2010 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከፔሩ አማዞን ተዘገበ። ቀጥሎ ኤርትራ። በ2016 አካባቢ እዚያ በአር ዲ ቲ የማይታይ ወባ ስለበዛ መመርመሪያው እንዲቀየር ተደረገ። እኛ ጋ ደግሞ በ2017 እና 2018 ትግራይ፣ አማራና ጋምቤላ ውስጥ 12,572 ሰው የተካተተበት ጥናት ተሠራ። በ2021 ሲታተም፣ ከፋልሲፓረም ታማሚዎች ከመቶ ወደ 9.7 የሚሆኑት በዚህ ጂን መጥፋት ምክንያት በመመርመሪያው ሊታለፉ እንደሚችሉ ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው ከመቶ 5 ሲያልፍ ነው። አጥኚዎቹ ዘረመሉን ሲመረምሩም ጂን አልባው በቅርብ ጊዜ በፍጥነት መስፋፋቱን የሚያሳይ ምልክት አገኙ።

ይህን ጥናት አንብቤው ነበር። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። አንብቤ "ለጠረፍ አካባቢ ሰው" ብዬ አልፌዋለሁ። ጠረፍ ያለው ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ፒያሳ እንደሚመጣ አላሰብኩም።

ሰው ይህን ስነግረው "ወባው ብልጥ ሆነ በይኛ" ይላል። ብልጠት አይደለም። ምስር ለቀማን አስቡ። ሰፌድ ላይ ዘርግተን ጥቁሩን ጠጠር እንለቅማለን። ነጩንም እንለቅማለን። ምስር የሚመስለው ቀይ ጠጠር ግን ያመልጠናል። ጠጠሩ አልተደበቀም። እኛ የምናየውን ስለለቀምን የማናየው ቀረ። አሁን ያ የቀረው ጠጠር የሚራባ ነው እንበል። በሚቀጥለው ዓመት ሰፌዱ ላይ የሚበዛው የትኛው ነው?

ወባም እንዲሁ ነው። ኤች አር ፒ 2 ያለው ተሕዋሲ መስመር ያወጣል፤ ሰውየው ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ተሕዋሲው ይሞታል። የሌለው መስመር አያወጣም፤ ሰውየው ፓራሲታሞል ይዞ ወደ ዳሱ ይመለሳል፤ ማታ ትንኝ ትነድፈዋለች፤ ተሕዋሲው ወደ ሌላው ይሄዳል። ኤች አር ፒ 3 የሚባል ተመሳሳይ ፕሮቲን አለ። እሱ ካለ ተሕዋሲው ሲበዛ መመርመሪያው ላይ መስመር ሊያሳይ ይችላል። በ49,440 ተሕዋሲ ምንም አለመታየቱ ሁለቱም ጠፍተው ይሆናል የሚል ጥርጣሬ አሳደረብኝ። ደሙን ወረቀት ላይ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ሰውና ወባ እንዲህ ሲገፋፉ የኖሩት ከጥንት ጀምሮ ነው። ቫይቫክስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት ሴሉ ገጽ ላይ ያለውን ዳፊ የሚባል ፕሮቲን እንደ በር ይጠቀማል። በምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሰው ቀይ የደም ሴሉ ላይ ይህ በር የለውም። የዘር ለውጥ ነው የዘጋው፤ ቫይቫክስም እዚያ ብርቅ ነው። እኛ አገር በር ያለውም የሌለውም ተቀላቅሎ ይኖራል። አሁን ግን በሩ በሌላቸው ሰዎች ላይም ቫይቫክስ ከኢትዮጵያና ከማዳጋስካር ተዘግቧል።

በዚህ ጉዳይ ያየሁት ልዩ ነገር ፍጥነቱ ነው። የዳፊ በር እስኪዘጋ በጣም ብዙ ትውልድ አልፏል። ኤች አር ፒ 2ን የሚፈልጉ መመርመሪያዎች በየጤና ኬላው ከተዳረሱ ግን ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ለእኔ አሁን ምርመራችንም መድኃኒታችንም የሰውነታችን መከላከያ አንድ ክፍል ሆነዋል። ተሕዋሲው ለጣፊያና ለፀረ እንግዳ አካል በለወጠው መልክ ሁሉ ለእነሱም ይለወጣል።

ሆስፒታል

አርቴሱኔት የሚባለው የወባ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጠው፤ እንደደረሰ፣ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት። በሁለተኛው ቀን እናቱን በስማቸው ጠራቸው። መዋጥ ሲችል ኮአርተም ጀመረ፤ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ። ኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው ደህና አድርጎ ወደ ደም የሚገባው። ወተት ይጠጣበት ተባለ። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ልጁ ጾም አልገድፍም አለ። እናትየው አቮካዶ ገዝተው አመጡለት። ያም ይሠራል። ተሕዋሲው ወደ ትንኝ የሚሻገርበትን መልኩን ለመግደል አንድ ጊዜ ፕሪማኪን ተጨመረለት።

በሦስተኛው ቀን ስላይዱ ላይ ቀለበት አልነበረም። ሲወጣ ከስቶ ነበር፤ ግን በእግሩ ሄደ።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው "የት ነበርክ?" የሚለው ጥያቄ ነው። ምንም ዋጋ አያስከፍልም። ቀጥሎ ስላይዱ። ሐኪሙም አለመከራከሩ ረድቷል። ስላይዱን አይቶ የራሱን ትዕዛዝ ወዲያው ሰረዘ፤ ከሌሊት ሥራ ጋር ይህ ቀላል አይደለም።

ያልሠራው ያንኑ መመርመሪያ መደጋገም ነው። ሦስት ቦታ የተሠራው ሦስቱም ለፋልሲፓረም ኤች አር ፒ 2ን ብቻ የሚፈልጉ ናቸው። ሦስት ምስክር መሰለን እንጂ አንድ ምስክር ነው ሦስቴ የተጠየቀው።

ከዚያ በኋላ ክሊኒኩ ውስጥ አንዳንድ ነገር ለመቀየር ሞክረናል። የምርመራ ማዘዣው ላይ "ባለፉት ሦስት ወራት የት ነበሩ?" የሚል መስመር አስገባን። ሁለት ወር ሙሉ ባዶውን መጣ። የሚሞላው ሰው አልነበረም። ኋላ ትኩሳት የሚለኩት ነርሶች በአፍ እንዲጠይቁ ሲደረግ ነው የሠራው። ለማይክሮስኮፑ የባትሪ መብራት ተገዛ። ይህ ትንሽ ወጪ ቀድሞ ቢወጣ ኖሮ ልጁ ስድስት ሰዓት ባላጣ ነበር።

ሌላ ያልጠበቅኩት ችግር የእኛው ዓይን ነው። መሀል ከተማ ወባ ብዙ አናይም። የመጨረሻውን ስላይድ ካዩ ዓመት ያለፋቸው ባልደረቦች ነበሩ። ያንን ሌሊት ያዘጋጀሁትን ስላይድ ለማስተማሪያ አስቀመጥኩት። በየወሩ ሌሎች ቀላቅለን ስም ሳንጽፍ እንፈታተናለን። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ቀለበት ያለበት ስላይድ ሲመጣ እኔም አልፌዋለሁ።

ኤል ዲ ኤች የሚባለውን ኢንዛይም የሚፈልግ መመርመሪያም አሁን እንጠቀማለን። ተሕዋሲው ስኳርን ወደ ጉልበት የሚለውጥበት ኢንዛይም ነው፤ እንደ ኤች አር ፒ 2 ጥሎት መሄድ አይችልም። ተሕዋሲው ጥቂት ሲሆን ግን ሊስተው ይችላል። ስለዚህ ስላይዱን አልተውንም።

ለሌላው የሚተርፍ

ትኩሳት ይዞት ከቆላ የመጣ ሰው አር ዲ ቲው "የለም" ቢልም ስላይዱ ይታይ። የመጀመሪያው ስላይድ ባዶ ቢሆን በ12 ወይም በ24 ሰዓት ልዩነት ይደገም፤ ያደጉት ተሕዋሲያን ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ለጋዎቹ ገና ያልወጡበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ለታማሚና ለቤተሰብ የምለው አንድ ነገር ነው። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የት እንደነበራችሁ ተናገሩ። መተማ፣ ጋምቤላ፣ አዋሽ፣ አርባ ምንጭ፣ የትም። ብርዱ በስንት ቀን እንደሚመለስም ቆጥራችሁ ንገሩ።

ለሙያ ጓደኞቼ ደግሞ፤ "የለም" የሚለው ቃል ያስጨንቀኝ ጀምሯል። አሁን "ኤች አር ፒ 2 አልታየም" ብዬ ነው የምጽፈው። ሐኪሞች መጀመሪያ ምን ማለትሽ ነው ይሉኝ ነበር። ጥያቄው ራሱ ጠቅሟል፤ ምን እንደታየና ምን እንዳልታየ እንነጋገራለን።

መድኃኒቱም ከዚህ አይለይም። ለፋልሲፓረም ክሎሮኪን እንሰጥ ነበር፤ ተላመደው። በ1998 እ.ኤ.አ. ወደ ፋንሲዳር ዞርን፤ እሱንም ተላመደው። በ2004 ኮአርተም መጣ። አሁን የኮአርተምና የአርቴሱኔት መሠረት የሆነውን አርቴሚሲኒንን በከፊል የሚቋቋም ወባ አገራችንና ኤርትራ ውስጥ ታይቷል። ኤርትራ ውስጥ ከዚህ ጋር የተያያዘው የጂን ለውጥ በ2016 ከመቶ 8.6 ነበር፤ በ2019 ከመቶ 21 ደረሰ። ከእነዚህ ውስጥ ኤች አር ፒ 2 እና 3 የሌላቸውም ተገኝተዋል። በመመርመሪያ የማይታይና መድኃኒት የሚፈትን፣ ሁለቱም በአንድ ተሕዋሲ ማለት ነው። ይህን ሳነብ እንቅልፍ ነው ያጣሁት።

ተስፋ የሚሰጠኝ የማላዊ ነው። ማላዊ በ1993 ክሎሮኪንን ተወች። በ2001 መድኃኒቱን የሚቋቋመው ዓይነት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። መድኃኒቱ በሌለበት መቋቋሙ ለተሕዋሲው ሸክም ሆነበትና ሸክሙ የሌለባቸው ቀደሙት። እኛ የምናደርገው ነገር ወዲህም ወዲያም ይገፋዋል።

ወረቀቱ ላይ የደረቀው ደም

የደም ጠብታውን ልጁን አስፈቅጄ የጂን ምርመራ ለሚሠራ የምርምር ተቋም ሰጠሁ። ውጤቱ የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው። ኤች አር ፒ 2 የለም። ኤች አር ፒ 3 የለም።

እናትየው ጋ ደወልኩ። ልጁን ሰጡኝ። ነገሩን በምስር ለቀማው አድርጌ አስረዳሁት። ጸጥ ብሎ ሰማኝና "እዚያ ዳስ ውስጥ አብረውኝ የነበሩትስ?" አለኝ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለአንዱ ደውሎለት ነበር። እሱም በአር ዲ ቲ የለም ተብሎ ነበር። ማይክሮስኮፕ ያለበት ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲታይ ፋልሲፓረም ተገኝቶበት ታክሟል። የሌሎቹን አያውቅም። ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ተበትነዋል።

ያን ሌሊት የማይክሮስኮፑን እይታ በስልኬ አንስቼው ነበር። ፎቶውን ላኪልኝ አለና ላክሁለት። ክረምት ሲገባ አጎቱ እንደገና ሰው ሲቀጥር ለአዳዲሶቹ ልጆች አስተላለፈላቸው። ከፎቶው በታች የጻፈውን ለእኔም አሳይቶኛል፤ "አጎበሩን ዘርጉት። ካተኮሳችሁ መስመር ባይወጣም በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ በሉ። ይሄ የኔ ደም ነው።"